ቆቅ ያልሆነችው ወፍ

ሰኞ

ሳጥኑን ከፈትኩ፤ አልወጡም። ገለበጥኩት። ወጡና ቡት ጫማዬን ከበቡት። ፌዘንት የሚባለው ወፍ ይኸው ነው፤ ያ ሁሉ ቆንጆ ጭራ ይዞ የሚያውቀው የበቆሎ ከረጢት ብቻ። እኔ ደግሞ ለዚህ ነው በባዮሎጂ የተመረቅኩት።

ዴኒስ "ተያቸው፣ እስከ ቅዳሜ ሜዳውን ይለምዱታል" አለኝ። አለቃዬ ነው፤ ከሳን ሆዜ በላይ ያለውን የአደን ክለብ የሚመራው። ቅዳሜ አዳኞቹ ይመጣሉ። እስከዚያ ምን ይለመዳል?

አንዷ፣ ግራ ክንፏ ላይ ነጭ ላባ ያላት፣ እስከ መኪናዬ ተከተለችኝ። በሩን ስከፍት ልትገባ! "ሂጂ!" አልኳት፣ በአማርኛ።

ማክሰኞ

ትናንት አባባ ታክሲያቸውን አቁመው እራት ስንበላ "ለመሆኑ የምትለቂያት ወፍ ምንድን ናት?" አሉኝ። የፌዘንት አማርኛው ጠፋኝ። "ቆቅ ነገር ናት" አልኩ። "በረት ውስጥ ያድጋሉ፣ እንለቃቸዋለን፣ ከዚያ ይታደናሉ።"

"ቆቅን? ማን ይዟት ነው የሚለቃት? ንቁ ሰው ቆቅ ነው የሚባለው እኮ ለዚህ ነው።"

"የኛዎቹ ይከተሉኛል።"

"እንግዲያው ቆቅ አትበያት። ዶሮ በያት!" ብለው እስኪያነቡ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ዛሬ ሜዳው ላይ ሳቁ ለቀቀኝ። ጭልፊት አንዷን ከአጥሩ ሥር አነሳት። ጎኗ የነበረችው ቀና እንኳን አላለችም፤ በቆሎዋን መልቀሟን ቀጠለች።

ረቡዕ

ዓርብ የሜምበሮች ሚቲንግ አለ፤ ዴኒስ "ሐሳብሽን ተናገሪ" አለኝ! እኔ! ወፍ መልቀቁን ትተን ሳሩን እናልማ፣ ምንጩን እንጠርግ፣ የአገሩ ድርጭቶች ራሳቸው ይመለሱ። ከኦክላንድ እስከዚህ ፍሪዌይ ላይ ጮክ ብዬ ፕራክቲስ አደረግኩ። የጎን ሾፌር አየኝ። ይየኝ።

ባለነጭ ላባዋን ፍርሃት ላስተምራት ሞከርኩ። አጨበጨብኩ። ጮህኩ። ኮፍያዬን ወረወርኩባት። መጥታ ኮፍያው ላይ ቆመች። ማታ ለአባባ ነገርኳቸው።

ሐሙስ

ንግግሬን ለዴኒስ አነበብኩለት። "ልክ ነሽ" አለ። ከዚያ ጣቱን ወደ ቁልቁለቱ ዘረጋ፤ የሳን ሆዜ ጣሪያዎች እስከ ኮረብታው እግር ደርሰዋል። "ሳሩ እስኪያድግ ሜምበር ይጠብቃል? ወፍ ከሌለ ሰው የለም። ሰው ከሌለ ይህ ኮረብታ ቤት ይሆናል። ያኔ ድርጭትሽ የት ትገባለች?"

ጀማሪ አዳኝም የሚማረው በእነዚህ ነው፤ የዱር ወፎችን ባይነካ ይሻላል። ይህም እውነት ነው። የጠላሁት እውነት መሆኑን ነው።

ዓርብ

ተናገርኩ። ጨረስኩ። አጨበጨቡልኝ። አጨብጭበው ሲያበቁ እጅ አወጡ፦ መልቀቁ ይቀጥላል። ከምንጩ በታች ያለችውን ጥግ ግን "ለልጅቷ ተዉላት፣ ሳሯን ታብቅልባት" አሉ። ደስ ይበለኝ ወይስ ልናደድ?

ለአባባ "ተሸነፍኩ" ብዬ ቴክስት አደረግኩ።

"አብሽሪ" ብለው መለሱ። "ዶሮዋስ?"

ከመሄዴ በፊት ባለነጭ ላባዋን ይዤ ወደ ጥጌ ወሰድኳት። ለቅቄያት ዞር ስል ከኋላዬ ናት።

ቅዳሜ

ሥራዬ መኪና ማቆሚያው ላይ ነበር። ተኩሱን እየሰማሁ ዋልኩ። ሲመለሱ የያዙትን ሁሉ ግራ ክንፍ ገልጬ አየሁ፣ እንደ ፈታሽ። የለችም። የለችም። አንዲት ጀማሪ የመጀመሪያ ወፏን አቅፋ በደስታ ታለቅሳለች፤ የሷንም ክንፍ ገለጥኩ። የለችም።

አንዱ ሽማግሌ "ለአባትሽ" ብሎ ወፍ ሰጠኝ። አባባ የሚጠይቁኝን ስለማውቅ "ስትተኩስ ቢስሚላህ ብለሃል?" አልኩት። "ማነው እሱ?" አለኝ። ወፏን መለስኩለት።

እሑድ

ሥራ የለኝም፤ ሄድኩ። ጥጌ ላይ ቆሜ የበቆሎውን ከረጢት አንቀጫቀጥኩ። ይህን ድምፅ ስትሰማ ሁሌ እየሮጠች ነበር የምትመጣው። አሁን ሳሩ ብቻ ነው የሚነቃነቀው። ላባ ፈለግኩ፤ አላገኘሁም። ግን ካዮቲ፣ የዚህ አገር ቀበሮ፣ በሌሊት ከወሰዳት ላባዋን የት አገኘዋለሁ? ነቅታ ከሆነ አትመጣም። ሞታ ከሆነም አትመጣም።

ለአባባ ኮል አደረግኩላቸው፤ ዶሮዋን ልፈልግ መምጣቴን ያውቃሉ።

"መጣች?"

"አልመጣችም።"

ከኋላቸው የታክሲው ጠቋሚ መብራት ቀጭ ቀጭ ይላል።

"እንግዲያው ቆቅ በያት" አሉኝ።

ነገ አዲስ ሳጥኖች ይመጣሉ። በቆሎውን ሳልበትን ከረጢቱን ቋጠርኩት።