የታዘበው ሁለተኛ ቆለጥ ስለሚገኝበት ስፍራ

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ወልደ ገብርኤል፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበርና የውሻ ቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ
ደባርቅ፣ ጥር 18 ቀን 1975 ዓ.ም.

የደጋው ብርድ ሳይነካዎ፣ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲመላለሱም ጉልበትዎ ሳይዝል እንደምን ሰንብተዋል? እኔ የበግና የገብስ ነጋዴው ይግዛው ገብረ ኪዳን፣ የፊታችን አርብ ሊገደል ከተወሰነበት ውሻዬ ከታዘበው ጋር፣ ደኅና ነኝ።

ኮሚቴዎ የከተማው ውሾች በሰሜን ተራሮች ወዳለው ጊች እየወጡ ከቀይ ቀበሮ ጋር እንዳይዳቀሉ በማሰብ፣ ወንድ ውሻ ሁሉ እንዲኮላሽ፣ ማስረጃውም ሁለት ቆለጥ በቅጠል ተጠቅልሎ ለጽሕፈት ቤቱ እንዲቀርብ፣ ይህ ያልተሟላለት ውሻ ጥር 20 ቀን በጥይት እንዲወገድ ስለወሰነ እያመሰገንሁ፣ ያጋጠመኝን ጥቂት እክል ከማስታወሻ ደብተሬ ገልብጬ አቀርባለሁ።

1ኛ/ ጥር 5 ቀን ኮላሹ አቶ ላቀው ታዘበውን አስተኝተው ቢዳብሱ ያገኙት አንድ ቆለጥ ብቻ ነው። «ልጄ፣ ይህ ውሻ ግማሹን እቤት ትቶ ነው የመጣው» ብለው ካራቸውን ወደ ሰገባው መለሱ። ለከብት ክትባት ከዳባት የመጣችው የእንስሳት ጤና ረዳት ወይዘሪት የሺወርቅም፣ ሁለተኛው ከልደቱ ጀምሮ ሆዱ ውስጥ እንደቀረ፣ የሚታየው ብቻ ቢቆረጥ ውሻው ከወንድነት ሥራው እንደማያርፍ፣ የተደበቀውም ውሎ አድሮ ዕባጭ ሆኖ ሊገድለው እንደሚችል፣ ሆዱን ከፍቶ የሚያወጣ ሐኪም ግን ጎንደር እንጂ እዚህ እንደሌለ አስረዳችኝ።

2ኛ/ ይህንኑ ለኮሚቴዎ ባመለክት፣ ነጋዴ የደበቀው ነገር አያጣም ተብሎ የገብስ ጎተራዬ ተፈተሸ። ፍተሻው ጥንቁቅ ነበር። ቆለጥ አልተገኘም።

3ኛ/ ጸሐፊዎ ጓድ ማዕረግ አዝነውልኝ፣ «ጋሼ ይግዛው፣ ምን ያስጨንቅዎታል? አንዱን ከበግ ጨምረው ሁለት ያድርጉት፤ ቅጹ እንደሆነ የማን ነው ብሎ አይጠይቅ» ሲሉ መከሩኝ። ባለውለታቸው ነኝ። ሆኖም ዕድሜዬን በግ ስሸጥ የኖርሁ ሰው፣ የበግን ቆለጥ ከውሻ ቆለጥ ጎን አስቀምጬ መንትያ ናቸው ብል ከእንግዲህ የሚያምነኝ ገበያ አላገኝም።

4ኛ/ ጎንደር ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ብጠይቅ፣ ያልተኮላሸ ውሻ ከቀበሌው መውጣት ክልክል መሆኑ ተነገረኝ። ለመኮላሸት መውጣት አለበት፤ ለመውጣት መኮላሸት አለበት። ቀዳዳ የሌለው ሥራ ነው፤ አደነቅሁት።

እኔ አመዛዝኜ እንጂ በችኮላ አልወስንም። አንድ ቆለጡ ሆዱ ውስጥ የቀረ በግ ሙክት ነው ተብዬ ገዝቼ፣ በሳምንቱ መንጋውን ሲያምስ ስላየሁ፣ ግማሽ ሥራ ካለመሥራት እንደሚከፋ አውቃለሁ። ታዘበው ደግሞ ስድስት ዓመት ደጄን ጠብቋል፤ ጅብ ከበጎቼ ሲመልስ ግራ ጆሮው ተቦጭቋል። ስለዚህ ይኮላሻል፤ ግን ሁለቱም ወጥተው ነው። ይህ ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ ሲነበብ፣ እኔና እርሱ ያለ ይለፍ፣ በእግራችን፣ ዳባትን አልፈናል። ስመለስ ሁለቱን ቆለጦች በቅጠል ጠቅልዬ አስረክቤ፣ ያለ ፈቃድ ስለመሄዴ የሚሰጠኝን ቅጣት እቀበላለሁ። አርብ የሚመጣው ጓድ ጥይቱን ይቆጥብ።

ቆጠራዎ ሳይዛነፍ፣ የማኅተምዎም ቀለም ሳይደርቅ እንዲኖሩ የሚመኝልዎ፣
ጎተራው ለፍተሻ ዘወትር ክፍት የሆነው፣
ይግዛው ገብረ ኪዳን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ታኅሣሥ 12 ቀን ታዘበው ከግቢዎ በአጥር ዘልሎ ሲወጣ አይቼ በደብተሬ መዝግቤያለሁ። በእኔ ስሌት ሴት ውሻዎ ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ዋዜማ ትወልዳለች። ወይዘሪት የሺወርቅ ይህ ጉድለት ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል ብላኛለችና፣ ወንዶቹ ቡችሎች አድገው አንድ አንድ ብቻ ቢገኝባቸው፣ እባክዎ የእርስዎም ጎተራ ይፈተሽ።