መምህርት አፀደ መኩሪያ እና ከሚሌ ወንዝ የመጣው ድንጋይ

መምህርት አፀደ መኩሪያ ከአባታቸው ከአቶ መኩሪያ ወልደየስ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አስካለ ድፋባቸው በ1937 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ጨርሰው ወደ አዲስ አበባ መጡና በመምህርነት ሠለጠኑ። ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ሕመም እስኪያስቀራቸው ድረስ በቦሌ አካባቢ በሚገኝ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምረዋል።

በ1963 ዓ.ም. ከአቶ ኃይለኪሮስ ተስፋይ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጋቡ። አቶ ኃይለኪሮስ በየበረሃው ድንጋይ እያጠኑ ካርታ የሚሠሩ ባለሙያ ነበሩ። ልጅ አልወለዱም። የአቶ ኃይለኪሮስን እናት እማማ ትበርህን አምጥተው ቦሌ ሚካኤል በሚገኘው ቤታቸው አብረው ኖሩ።

መምህርት አፀደ ስለ ድንጋይ አፈጣጠር ያስተማሩትን ዛሬ እዚህ የቆማችሁ ብዙዎቻችሁ ተምራችሁታል። መጀመሪያ ሻማ አብርተው የቀለጠውን ሰም ያንጠባጥባሉ። መሬት ውስጥም እንዲህ የቀለጠ ድንጋይ እንዳለ፣ ወደ ላይ ወጥቶ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ለቤት መሠረት የምንጠቀምበትን ጥቁር ድንጋይ እንደሚሆን፣ እታች ቀርቶ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ግን እንደ ጨው በዓይን የሚለይ ፍሬ እንደሚያወጣ ያሳያሉ። ቀጥሎ ጠጠር፣ አሸዋና ጭቃ ከውሃ ጋር በጠርሙስ በጥብጠው ያስቀምጣሉ።

«ማን ቀድሞ ወረደ?»

«ጠጠሩ!» ይላል ክፍሉ በሙሉ።

«መጨረሻ የመጣውስ?»

«ጭቃው!»

«እንደ ሐሩን ማለት ነው» ይላሉ፤ ሐሩን ጠዋት ጠዋት የሚያረፍድ ተማሪ ነበር። እንዲህ የተደራረበው ደለል በብዙ ዘመን ተጠቅጥቆና ተጣብቆ ድንጋይ ይሆናል። በመጨረሻ ጥሬ የሸክላ ጡብና የተተኮሰ ጡብ ውሃ ውስጥ ይከታሉ። ጥሬው ይሟሟል፣ የተተኮሰው ይቀራል። መሬት ውስጥም በሙቀትና በክብደት ብዛት ሳይቀልጥ የሚለወጥ ድንጋይ አለ፤ እብነ በረድ ከእነዚህ አንዱ ነው።

በሚያዝያ ወር 1985 ዓ.ም. አቶ ኃይለኪሮስ ለሥራ ወደ አፋር እንደሄዱ በሚሌ ወንዝ ድንገተኛ ጎርፍ መኪናቸውን ወሰደው። አስከሬናቸውን በአሰብ መንገድ የሚመላለሱ ሾፌሮች ከወንዙ በታች በኩል አግኝተው ወንዙ ዳር ቀበሩት። ወሬው መጀመሪያ የደረሰው ለወንድማቸው ለአቶ ገብረሰንበት ነው። እማማ ትበርህ የልብ ሕመምተኛ ስለነበሩ ቤተ ዘመዱ መርዶውን ለማቆየት ተስማማ። ሚስት ካለቀሰች እናት መስማቷ አይቀርምና ለመምህርት አፀደም አልተነገረም። ለሁለቱም ፍለጋው እንደቀጠለ ብቻ ተነገራቸው።

ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት የውጭው በር አይቆለፍም ነበር። መኪና በአጥሩ አጠገብ ባለፈ ቁጥር እማማ ትበርህ «መጣ!» ብለው ይነሣሉ። መምህርት አፀደ «የሌላ ሰው መኪና ነው፣ እማማ» ብለው ደግፈው ያስቀምጧቸዋል። የአቶ ኃይለኪሮስ ኮትም እየታጠበ ይሰቀል ነበር።

እማማ ትበርህ ልጃቸውን እንደጠበቁ በ1989 ዓ.ም. ዐረፉ። እኛ ቤተ ዘመዶቹም ለመምህርት አፀደ ዛሬ ነገ እንነግራቸዋለን ስንል ዓመታት አለፉ። አቶ ኃይለኪሮስን ስናወሳ ድምፃችንን ዝቅ እናደርግ ነበር።

ትናንት ለለቅሶ የመጡት ጎረቤታችን አቶ አብዱልገኒ ያላወቅነውን ነገሩን። አቶ አብዱልገኒ የወሎ ሰው ናቸው፤ በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ይነዱ ነበር። በ1986 ዓ.ም. መምህርት አፀደ ለትምህርት የሚሆን የወንዝ ድንጋይ እንዲያመጡላቸው ለምነዋቸው፣ ጠጠርና አሸዋ ተጣብቆ የሠራው አንድ ድንጋይ አመጡላቸው። መርዶውን የሰሙ መስሏቸው «ከባለቤትዎ መቃብር አጠገብ ያነሣሁት ነው፤ እኔም ከቀባሪዎቹ አንዱ ነበርኩ» አሏቸው። መምህርት አፀደ ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። «እማማ እንዳይሰሙ፣ አደራ። ቤተሰቡም ማወቄን እንዳይሰማ፤ ለእኔ ብለው ነው የተጨነቁት» አሉ። ወደ ቤት ገብተውም ለእማማ ትበርህ ራት አቀረቡ።

የአቶ አብዱልገኒ ልጅ ራሕማ የመምህርት አፀደ ተማሪ ነበረች። ያንን ድንጋይ ለክፍሉ ባሳዩበት ቀን «ቲቸር፣ ጎርፍ ሰው ቢወስድስ?» ብላ መጠየቋን ታስታውሳለች። መምህርት አፀደ ፊታቸውን አዙረው ምንም ያልተጻፈበትን ሰሌዳ ሲጠርጉ ቆዩ። ከዚያ «ውሃ የወሰደውን ሁሉ የሆነ ቦታ ያሳርፈዋል» ብለው ትምህርቱን ቀጠሉ።

እኛ ከእሳቸው ስንደብቅ እሳቸውም ማወቃቸውን ከእኛ ደበቁ። ለባላቸው ጥቁር ሳይለብሱ፣ ሰው ፊት አንድ ቀን ሳያለቅሱ ኖሩ።

መምህርት አፀደ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በአገር ውስጥ ሲታከሙ ቆይተው፣ ኅዳር 9 ቀን 1992 ዓ.ም. በተወለዱ በ55 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። አንዲት እህት፣ የእህት ልጆች፣ የባላቸው ወንድም አቶ ገብረሰንበትና ያስተማሯቸው ልጆች ሁሉ ሐዘንተኞቻቸው ናቸው።

እግዚአብሔር የመምህርት አፀደን እና የአቶ ኃይለኪሮስን ነፍስ በአንድ ደጅ ይቀበል፤ ለእኛም መጽናናትን ይስጠን። የአቶ ኃይለኪሮስ ለቅሶ እስከ ዛሬ አልተለቀሰም። ዛሬ ስታለቅሱ የሁለቱንም ስም እየጠራችሁ አልቅሱ። ድምፃችሁን ዝቅ አታድርጉ፤ ከእንግዲህ እንዳይሰማ የምንጠነቀቅለት ሰው በቤቱ የለም።