የእመቤት የማለቢያ በርጩማ

ሐሙስ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ጠዋት ሦስት ሥራ ጨረስሁ። የጎረቤቴን በር ማጠፊያ ቀየርሁ፣ መጋዜን ሞረድሁ፣ የልጄን የእመቤትን በርጩማ እግሮች እኩል አድርጌ ቆረጥሁ። ሦስተኛውን እጄ በተሰበረና ባልነካሁት!

በርጩማው የአሥራ አንደኛ ክፍል የዲዛይንና ቴክኖሎጂ ሥራዋ ነው። ነገ መምህሯ የዓመቱን ዋና ማርክ ይሰጡበታል። ከሦስቱ እግሮች አንዱ ረዝሞ ባየሁት ጊዜ፣ የአናጢ ልጅ ሆና መለካት አቃታት ብዬ አፈርሁ።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ አየችው። ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም።

«አባዬ፣ ምን አደረግኸው?»

«አስተካከልሁልሽ።»

«የኛ ጋጣ እኮ ተዳፋት ነው! እማዬ ላም ስታልብ ወደ ቁልቁሉ እንዳትጋደል ብዬ ነው አንዱን ያስረዘምሁት። ሳምንት ሙሉ ለክቻለሁ።»

ሌላ እንጨት አምጥቼ ልሥራልሽ አልኋት።

«እሱማ ያንተ ሥራ ነው የሚሆነው፤ ተወው» ብላ ገባች። እናቷም ቀና ብላ አላየችኝ።

የማላውቀው ሰው ከይጁቤ ከተማ እንጨት ቢያመጣልኝ፣ ሦስቴ ጠይቄ ነው መጋዝ የማነሣው። የልጄን ግን አንዴም አልጠየቅሁ። ነገ መምህሯ «ታዲያ ይሄ ከሌላው በርጩማ በምን ይለያል?» ቢሏት ምን ትመልሳለች?