የተዝካርሽ እህል ቶሎ አለቀ

ውድ ጥሩሸዋ፤

ነፍስሽን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ፤ ይህም መኖር ከተባለ።

አርባሽ ሊደርስ ነውና ትናንት የተዝካርሽን ገብስ ልፈጭ ወፍጮ ቤታችንን ከፈትኩ። ካረፍሽ ወዲህ ገብቼበት አላውቅም። ጎረቤታችን ጌታነሽ «ሞላሌ ከተማ ወስደን እናስፈጨው፤ አንተ አትድከም» ብትለኝ እምቢ አልኩ። በእጄ የማደርግልሽ ሌላ ምን ቀረኝ?

ሞተሩ ግን አቃሰተ። ታውቂው የለ፣ የተጻፈበት ሦስት መቶ ሰማንያ ቮልት ነው፤ እኛ ዘንድ የሚደርሰው መብራት ሁልጊዜም ከዚያ ጎደል ይል ነበር። አንቺ እህሉን እያሳነስሽ፣ መዳፍሽን ገላው ላይ አሳርፈሽ ሙቀቱን እያየሽ ታባብዪው ነበር። ሴቶቹ «አንቺ ጥሩሸዋ፣ ወፍጮውንም አስጾምሽው?» ሲሉሽ፣ «እናንተ እየጾማችሁ እሱ ይብላ?» ትያቸዋለሽ። እኔ ጆንያ ይዤ አጠገብሽ እቆማለሁ። ዱቄቱ ቀስ ብሎ ሲወርድ የማናወራው አልነበረም።

ካረፍሽ ወዲህ የመብራቱ መስመር ተጠናክሯል፤ ግን ወልደ አማኑኤል በዚያው መስመር ላይ ሌላ ወፍጮ ተክሏል። ሁለቱ አብረው ሲዞሩ ኃይሉ ጭራሽ ይወርዳል። እንዳንቺ አሳንሼ ብሰጠውም ገላው አላስነካ አለ፤ የመቃጠል ሽታም መጣ። አጠፋሁት። እህልሽ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ጌታነሽ ይህን አይታ ወጣች። ወልደ አማኑኤል ዘንድ ሄዳ፣ ሰው ተሰልፎበት ሳለ፣ «የጥሩሸዋ ተዝካር አልፈጭ ብሏል፤ ያንተን አጥፋው» አለችው። «እስካሁን ዝም ትሉኛላችሁ?» ብሎ አጠፋው። ወረፋ የያዙትም ሳያጉረመርሙ ተቀመጡ።

ሞተሩ ሲበርድ አስነሳሁት። ጥሩሸዋ፣ እንዲያ ሲዞር ሰምቼው አላውቅም። የሰጠሁትን ሁሉ ተቀበለ። ቀኑን ሙሉ ካንቺ ጋር የምውል መስሎኝ ነበር፤ ልነግርሽ ያሰብኩትን ሳልጀምር ጆንያው ተራቆተ።

ጌታነሽ ዱቄቱን ስታስጭን «ተመስገን በል፣ ቶሎ አለቀልህ» አለችኝ።

ተመስገን አልኩ። እሷ ስትሄድ የወፍጮውን ድንጋይ አላላሁና ባዶውን እንዲዞር ተውኩት። ወልደ አማኑኤል ዘንድ የተሰለፉት ለእኔ ብለው እየጠበቁ እንደሆነ አውቃለሁ። እጄ ማጥፊያው ላይ ነበር፤ መጫን አቃተኝ።

እግዚአብሔር በፈቀደው ቀን እስክንገናኝ፣ በቅዳሴው ስምሽን እያስጠራሁ እቆያለሁ።

ያንቺው አባይነህ
ቀየት