የአባቴ ትከሻ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ጅማ

የሕክምና ኮሌጁ መምህራችን ትከሻንና አከርካሪን ከሰው ገላ ላይ እንድናጠና ፈቃደኛ ሰው አምጡ ብሎን ነበር። እኔ እዚሁ ጅማ መርካቶ በቡና መጋዘን ተሸካሚ የሆነውን አባቴን ይዤ ሄድኩ። በክፍሉ ፊት ሸሚዙን ማውለቅ ያሳፍረዋል ብዬ እኔው ተሳቀቅኩ። እሱ ግን "ቢስሚላህ" ብሎ አወለቀ።

"እጅዎን ወደ ላይ ያንሱልን፣ አባባ" አለው መምህሩ።

ሲያነሳ ሰፊው የትከሻ አጥንት ከቆዳው ሥር ተንሸራተተ። ከመጽሐፉ ሥዕል ያልገባኝ ነገር ያኔ ገባኝ። ተማሪው ሁሉ ተሰልፎ እየዳሰሰ አለፈ። መምህሩ "የማን ዘመድ ናቸው?" ሲል ድምፄን ከፍ አድርጌ "አባቴ ነው" አልኩ።

ስንመለስ ቀና ብሎ ነበር የሚሄደው።

"ይሄን ትከሻ ከጆንያ በቀር የፈለገው አልነበረም፤ ዛሬ ሐኪሞች ተማሩበት" አለኝ።

ክፍል ውስጥ መምህሩ የአባቴ አከርካሪ በሸክም ብዛት ወደ ግራ መጣመሙን በጣቱ እየተከተለ ያሳየን በእንግሊዝኛ ነበር። አባቴ መምህሩ ምን እንዳለ ሲጠይቀኝ "ጠንካራ ጀርባ ነው አለ" አልኩት።

ነገ ጆንያ ሲሸከም ለጓደኞቹ ይህንኑ ይነግራቸዋል።