ሦስተኛው ካርድ

ውዴ ፈንቴ፣

ዳባት ላይ አፈር ካለበስንህ ሦስተኛው ክረምት ሊገባ ነው። እስከ ዛሬ ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም፤ «ስልክ እያለ ማን ይጽፋል» ትል የነበርክ ሰው ነህ። ይኸው ስልኩ አንተ ዘንድ አልደርስ ሲል ብዕር ጨበጥኩ። ያለሁት የምታውቀው ቦታ ነው፤ ቡይት ራስ፣ ሎጁ ውስጥ፣ ከእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ኋላ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገና መሆኑ ነው፤ መስኮቱ ግን መጨለም ጀምሯል።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። የተከልከው ባሕር ዛፍ አድጎ የጎረቤቱን ቆርቆሮ ስለነካ ቅርንጫፉን አስቆረጥኩት። እናትህ ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፄን ሲሰሙ ግን አሁንም «ያቺ ምላሰኛ መጣች» ይላሉ። እኔም ምላሴ ድሮ የምታውቀው እንዳልሆነ አልነግራቸውም። የዕቃ ቦርሳህ ከበሩ ጀርባ፣ ከሰቀልክበት ምስማር ላይ የለም። ሰብለ ይዛዋለች።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አይደል የሚባለው? ልጃችን ጎንደር ኮሌጅ ገብታ ያንተኑ ሙያ ተምራ መጣች። ካቻቢቴ አያያዟ ያንተ ነው፤ ስታስብ ፒንሳውን ጉንጯ ላይ የምታስደግፈውም ያንተ ነው። አሁን ይህን ስጽፍልህ ከኋላዬ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ የስልክ ማዞሪያውን ሣጥን ከፍታ ትሠራለች። አንተ ከሄድክ በኋላ ሣጥኑ ተዘግቶ ነበር፤ ሁሉም በሞባይሉ ይነጋገራል ተባለ። ኔትወርክ ለቀናት መጥፋት ሲጀምር ግን አፋፉ ላይ ባሉት ጎጆዎች የሚያድሩ እንግዶች ሰው መጥራት አቃታቸውና ሥራ አስኪያጁ ለሣጥኑ መስመሮቹን የሚያገናኙ አዳዲስ ካርዶች አስመጣ። ሰብለ ሁለቱን ባለፈው ሳምንት አስገብታ የዋናውን ቤት ስልኮች አስነሳቻቸው። ዛሬ የቀራት ሦስተኛው ነው፤ የጎጆዎቹ ካርድ። ጽሕፈቴ ከተንጋደደብህ ምክንያቱ ይኼ ነው።

መጀመሪያ የመጣህበትን ቀን አስታውሳለሁ። እኔ የደባርቅ ልጅ፣ ጠረጴዛዬን የማላስነካ፤ አንተ ከዳባት ካርቶን ታቅፈህ አቧራ የጠጣህ። መብራቱን አጠፋህ፤ ሣጥኑ ላይ ያለችው ቀይ መብራት እስክትሞት ቆመህ ጠበቅህ። ከዚያ መዳፍህን ብረቱ ላይ አሳረፍክ። «ሰላም እያልከው ነው?» ብዬ ሳሾፍብህ «እጄ ላይ ያለውን ለመሬት ልስጥ ብዬ ነው፤ ካልሰጠሁ ካርዱን ይጎዳዋል» አልከኝ። ካርዱንም እንደ ትኩስ ቂጣ ዳር ዳሩን ይዘህ ወደ ቦታው አንሸራተትከው። ለየክፍሉ ቁጥር ከሰጠህ በኋላ ከየክፍሉ እየደወልክ «ተሰማሁ?» ትለኝ ጀመር። ሰባቱን ጊዜ «ተሰማህ» አልኩህ። በስምንተኛው ሰለቸኝና «ዳባት ድረስ ተሰማህ» አልኩ። ሳቅህን በስልኩም በኮሪደሩም ሰማሁት።

ከዚያ ወዲያ ሕጋችን ሆነ። አዲስ መስመር በዘረጋህ ቁጥር ትጠይቀኛለህ፣ እመልስልሃለሁ፣ በደብተርህ ትጽፈዋለህ። መልስ ያላገኘህበትን መስመር እንደ ሞተ ቆጥረህ ተመልሰህ ካርዱን ትነቅላለህ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተሳሳትከው፤ ካርድ ከማይገባበት ቦታ አስገብተህ የሥራ አስኪያጁ ስልክ ወጥ ቤት መጮህ ጀመረ። ወጥ ቤቷም ለሦስት ቀን ስብሰባ ትጠራ ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም እስቃለሁ፤ ሳቄ ግን አይዘልቅም።

ወደማልወደው ነገር ልግባ። ሰብለ ትምህርቷን ስትጨርስ እኔ ነርስ ትሁን አልኩ። አንተ ሳትነግረኝ ኮሌጅ አስመዘገብካት። ደመና እያየ የሚሮጥ ሰው ለአንድ ቤት አንድ ይበቃል ብዬ ስለምንህ ከርሜ እንዲህ ስታደርገኝ አኮረፍኩህ። በእኛ ቤት ኩርፊያ እንዴት እንደነበር ታውቃለህ፤ መጀመሪያ የተናገረ ተሸነፈ። እናቴ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ዝንብ አይገባም፤ እውነቷን ነው። የሚወጣውም እንደማይወጣ ግን አልነገረችኝም።

አምስት ቀን አልተነጋገርንም። በሦስተኛው ቀን የኮሪደሩን ወለል የሚያድሰው ግንበኛ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። «እትዬ ጥሩወርቅ» አለኝ፣ «ከስልክ ክፍሉ ወደ ውጭ የምትወጣ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ በዶማ በጥሻለሁ። ሲሚንቶም ፈሶባታል። ለባለቤትዎ ይንገሩልኝ፤ እኔ ነገ ወደ መተማ ወራጅ ነኝ።» እሺ አልኩት። የመሬቱ ሽቦ መሆኗን አውቄአለሁ። አፋፉ ላይ መብረቅ ሲወርድ ወደ ሣጥኑ የሚመጣውን ወደ አፈር የምትወስደው እሷ ናት እያልክ ስንቴ አስረድተኸኛል። ሲያናግረኝ እነግረዋለሁ አልኩ። አንተም አላናገርከኝ።

በአምስተኛው ቀን ሦስተኛውን ካርድ ይዘህ መጣህ። ለአፋፉ ስምንት ጎጆዎች ነበር፤ መስመሩ በእንጨት ላይ ተዘርግቶ ሜዳውን ያቋርጣል። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ተንጠላጥለው ሲበጥሱት «ደንበኞችህ መጡ» እልህ የነበረው መስመር። ጉም ከሊማሊሞ ገደል ብቅ ካለ ሣጥን አትነካም ነበር። ያን ዕለት ግን በማግስቱ እንግዳ ይገባል ተብለህ ተጣደፍክ፤ ጠዋቱም ጥርት ያለ ነበር። ካርዱን አስገብተህ፣ ቁጥሮቹን ሰጥተህ፣ ሣጥኑን ሳትዘጋ ወደ ጎጆዎቹ ሄድክ።

ስልኬ ጮኸ። «ተሰማሁ?» አልከኝ። ድምፅህ ለስለስ ያለ ነበር። ጥያቄው ለመስመሩ ብቻ እንዳልሆነ አውቄአለሁ፤ ኩርፊያውን በዚያች ቃል ልታበቃው ነበር። ልቤ ራርቶ ነበር ፈንቴ። ትንሽ ልቅጣው አልኩና ሳልመልስልህ እጀታውን አስቀመጥኩት።

አንተ ድምፁ የማያልፍ መሰለህ። ካፊያ ሲጀምር ተመለስክ፤ ጃኬትህ እየተንጠባጠበ በፊቴ አለፍክ። እኔ የእንግዳ መዝገብ አገላብጥ ነበር፣ አንዲት ስም እንኳ ሳላነብ። «ሽቦዋ ተበጥሳለች» ማለት ሁለት ቃል ነው። ጠባቧ ክፍል ውስጥ ገብተህ እጅህን ብረቱ ላይ ስታሳርፍ ቀለበትህ እንደ ሁልጊዜው ቀጭ አለ። ከዚያ ሰማዩ ተሰነጠቀ። ሎጁ ውስጥ ያሉት ስልኮች በሙሉ አንዴ፣ በአንድ ላይ ጮኹና ዝም አሉ።

ለቅሶ የመጣው ሁሉ መብረቅ የእግዜር ነው፣ ሰው ምን ያደርጋል አለኝ። እኔም አዎ እያልኩ ራሴን ነቀነቅሁ። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናዘዝኩም። ግንበኛውም ከመተማ አልተመለሰም። ሽቦዋ ዛሬም ከዚህ ጠረጴዛ አጠገብ፣ ከሲሚንቶው ሥር እንደተበጠሰች ናት።

ሰብለ ሥራውን ስትቀበል መጀመሪያ የከፈተችው ደብተርህን ነው። በእጅህ ጽሑፍ «የመሬት ሽቦ ተለክቷል፤ ደህና ነው» ይላል። ያኔ ደህና ነበር። እኔም እውነቱን ላለመናገር የማልፈጥረው ሰበብ አልነበረም። ዛሬ ሚካኤል ነው፣ ሥራ አይነካም አልኳት፤ «እማ፣ ሚካኤል እኮ ባለፈው ሳምንት ነበር» አለችኝ። ወገቤን አመመኝ፣ ጎንደር ሐኪም ቤት ውሰጂኝ አልኩ፤ ወንድሜን ጠርታ ከእሱ ጋር ላከችኝ። እባክሽ ሽቦውን እንደገና ለኪው ብላት ፊቷ ተለወጠ። «አባዬ የለካውን እኔ ልለካ? ምን ያህል ብንቀው ነው?»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሁሉንም ነገርኳት። ግንበኛውን፣ ኩርፊያውን፣ ስልኩን። መንገድ ላይ ቆማ ሰማችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ «እንዳልሠራ ብለሽ በሞተ አባቴ ላይ ተረት ትፈጥሪያለሽ?» አለችኝ። አራተኛ ሰበብ መሰላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አላናገረችኝም። ይኸው አራተኛ ቀኗ ነው፤ ሙያውን ካንተ፣ ኩርፊያውን ከእኔ ወረሰች።

አሁን ከክፍሏ ወጥታ በፊቴ አለፈች። ካርዱን አስገብታለች መሰለኝ፤ ወደ ጎጆዎቹ ነው የምትሄደው። ጉሙ የሊማሊሞን አፋፍ ይዞ ወደ እኛ ይመጣል። ወለሉን ስትቆፍር አላየኋትም።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። አሁን የሆነውን ልንገርህ።

ስልኩ ጮኸ፤ ከመጨረሻው ጎጆ ነበር። አነሳሁት። ማንም አልተናገረም። ትንፋሿ ግን ይሰማል፤ ዝናቡ የጎጆውን ክዳን ሲመታም ይሰማል። ዝምታው የማን እንደሆነ አላጣሁትም፣ እኔው ነኝ ያስተማርኳት። «ተሰማሽ ሰብልዬ» አልኩ። «ባትናገሪም ተሰማሽ። ካርዱ ደህና ነው። ወደ ሣጥኑ አትመለሺ፣ ጉሙ ደርሷል።» ዘጋችው።

እንደምትመለስ አውቄአለሁ፤ ሣጥኑ ክፍት ነው፣ ገና ለሰባት መስመር ቁጥር መስጠት ይቀራታል። ተነስቼ የክፍሏን በር ቆለፍኩና ቁልፉን ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። መጣች። ያንተን ጃኬት ነው የለበሰችው፤ ከእጅጌው ውኃ ይንጠባጠባል። በሩን ገፋችው፣ ዞረችና እጇን ዘረጋች። አልሰጥም አልኳት። «ብትጠይኝም፣ ዕድሜ ልክሽን ባታናግሪኝም አልሰጥሽም።» ሥራ አስኪያጁን ልትጠራ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አልጠራችም። ከእንግዶቹ ወንበር ላይ ተቀምጣ የቦርሳህን ዚፕ ትከፍትና ትዘጋ ጀመር። እኔ በሩን ተደግፌ ቆምኩ። ሁለታችንም መስኮቱን እናያለን።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ነጭ ብርሃን ክፍሉን ሞላው። ድምፁ አብሮት መጣ፣ ወለሉ ከእግሬ ሥር ዘለለ። ከጀርባዬ፣ ከበሩ ማዶ፣ አንድ ነገር ጧ አለ። ስልኮቹ በሙሉ አንዴ፣ በአንድ ላይ ጮኹና ዝም አሉ። በበሩ ሥር የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ወጣ።

ሰብለ ወንበሩ ላይ ነበረች ፈንቴ። በሕይወት ነበረች። ፊቷ እንደ ኖራ ነጥቶ ታየኛለች። ከአራት ቀን በኋላ አፏን የከፈተችው ያኔ ነው።

«እንዲህ ነበር የጮኸው?»

«እንዲህ ነበር» አልኳት።

ደብተርህን አውጥታ «የመሬት ሽቦ ደህና ነው» ያልክበትን በአንድ መስመር ሰረዘችው። ከዚያ ሽቦዋ የተቀበረችበትን ቦታ አሳዪኝ አለችኝ፤ በጣቴ አሳየኋት። ዶማ ፍለጋ ወጣች። አሁን አመነችኝ። ያመነችው ግን አባቷን በዝምታ የገደልኩ ሴት መሆኔን ነው። ነገ ምን እንደምትለኝ፣ ከዚህ በኋላ እማ ብላ ትጠራኝ እንደሆነ አላውቅም። ጉሙም አልተነሳም። ዶማዋ ወለሉን ሲመታ እየሰማሁ ነው ይህን የምጽፍልህ።

ፍልሰታ ሳይገባ ዳባት መጥቼ እናትህ እግር ላይ እወድቃለሁ፤ እሳቸውም ከእኔው አፍ ይስሙት። አንተን አልረሳም ብዬ መማል አያስፈልገኝም፣ ማን ይረሳሃል። የማልረሳው ያን እጀታ ያስቀመጥኩበትን እጄን ነው። በዚህ ቤት ከእንግዲህ የሚያኮርፍ ቢኖር እኔ አልሆንም፤ ልጅህ ብትዘጋኝም በየቀኑ አናግራታለሁ። ያንተን ጥያቄም ሦስት ክረምት ዘግይቼ እመልሳለሁ።

ተሰማህ፣ ፈንቴ። ያን ቀንም ተሰምተህ ነበር።

ጥሩወርቅ