ዝም ላሉት የሰጠሁት ዜሮ

ለውድ ወንድም ጋሼ ዘካሪያስ፣

እንደምን ከርመሃል? የድሬዳዋ ሙቀት በረድ አለላችሁ? ጉልበትህስ፣ ደረጃ ስትወጣ አሁንም ያምሃል? አስቴርና ክብሩስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባባም ከሳንባ ምቹ ድኖ ላንቴ ቤቱ ገብቷል፤ ገና ሳይጠነክር ሙዙን ውኃ ካላጠጣሁ እያለ ያስቸግረናል።

ፕሮፌሰርነቱ ምን ደረሰ ብለህ በስልክ ስትጠይቀኝ ወሬ የቀየርኩብህ አፍሬ ነው፤ ለጎረቤት ሁሉ አውርተህ እንደጨረስክ አውቃለሁ። ጽሑፌን ከመጽሔቱ መልሼ ወስጄዋለሁ። ያለ እሱ ደግሞ ማዕረጉ የለም።

እንደምታውቀው ሰባት ዓመት ሙሉ ያጠናሁት የሕክምና ተማሪዎች በሽተኛ አልጋ አጠገብ እንዴት እንደሚማሩ ነው። ተማሪው ታማሚውን ሲጠይቅ በቪዲዮ እንቀርጻለን፤ ከአሥር ሰከንድ በላይ ዝም ካለ ቅጹ ላይ «አያውቅም» ተብሎ ዜሮ ይሞላል። ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔው ነኝ። መደምደሚያዬም የገጠር ልጆች፣ በተለይ የእኛ የጋሞ ልጆች፣ ዕውቀት ይጎድላቸዋል የሚል ነበር።

አባባ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሰሊሆም የሚባል የዶርዜ ልጅ፣ የአራተኛ ዓመት ተማሪ፣ ስለ ሕመሙ ሊጠይቀው መጣ። አባቴ መሆኑን አያውቅም። አባባን ታውቀዋለህ፤ ሳሉ መቼ ጀመረህ ሲባል ከአባቱ መሬት ነው የሚነሳው። ትንፋሽ ሲያጥረው ያርፋል፣ ደግሞ ይቀጥላል። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። እኔም አጠገባቸው ቆሜ እንደ ልማዴ በልቤ ዜሮ ሰጠሁት። ልጁ ሲወጣ አባባ «ይሄ ልጅ ሐኪም ይሆናል፤ እስክጨርስ የጠበቀኝ እሱ ብቻ ነው። አንቺም ብትሆኚ ታቋርጪኛለሽ» አለኝ።

ሽማግሎች በመንደሩ መሰብሰቢያ በዱቡሻ ላይ ሲመክሩ አንተ አባባ እግር ሥር፣ እኔ ከዳር ሆኜ አድገናል። ትልቅ ሰው ትንፋሽ ሲወስድ መሐል መግባት ነውር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ነጩን ጋዋን ከለበስኩ ወዲህ ረስቼው ነው።

ቪዲዮዎቹን እንደገና አየኋቸው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ «አያውቅም» ካልኩባቸው ዘጠና አራት ዝምታዎች ሰባ አንዱ ታማሚው ሲያርፍ ተማሪው የጠበቀባቸው ናቸው። አብሮኝ ያጠናው ዶክተር ይበልጣል «በአንድ ሽማግሌ ቃል የሰባት ዓመት ልፋት ይጣላል?» ብሎ ተቆጣኝ። ሳሳየው ግን ዝም አለ። በእኛ ቅጽ ቢሆን እሱም ዜሮ ያገኝ ነበር።

አልዋሽህም፣ ከፍቶኛል። ማዕረጉን በጣም እፈልገው ነበር። ግን ሳይደርቅ በእርጥቡ ብዬ ለመጽሔቱ ጻፍኩ። አሁን ቅጹን ከእነሰሊሆም ጋር እያስተካከልን ነው፤ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አላውቅም። ለጎረቤቶችህ የምትለውን እንግዲህ አንተው ፈልግ።

አስቴርን ሳምልኝ። ክብሩንም አያቱ ሲደውል ስልኩን ወዲያው ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ ንገርልኝ። ዛሬ እሁድ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባባ አጠገብ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። ሰላም በይልኝ ብሎ «ልጄ ፕሮፌሰር አልሆነችም፣ መስማት ግን ጀምራለች ብለሽ ጻፊ» አለኝ። ከዚያ ትንፋሽ ሊወስድ አረፈ። ደብዳቤውን ልዘጋው ነበር፤ ብዕሬን ከወረቀቱ አንስቼ ጠበቅኩት።

«ናፍቆኛል በይው» አለ።

እህትህ ዕድላዊት ኤርጫፎ
ላንቴ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.